የካምፐርህ ጥግ ከላላ መጀመሪያ ጣሪያውን እይ

ከኮሎራዶ፣ ከኦሮራ አንድ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል።

«ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት ያገለገለ ተጎታች ካምፐር፣ ያው መኪና የሚጎትተው የሽርሽር ቤት፣ ገዛን። የ2011 ሥሪት ነው፣ ርዝመቱ 24 ጫማ። ግድግዳው ሸንተረር ያለው አልሙኒየም ነው። አሁን ከኋላ በቀኝ በኩል ጥጉን የሚይዘው ትሪም ላልቷል። ቪቴዎቹን ላጠብቅ ስል ዝም ብለው ይሽከረከራሉ። አጠገቡ ያለው ላሜራም ሃይዌይ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከላይ ወደ ታች ጥቁር መስመር ወርዶበታል። የበፊቱ ባለቤት ሲሊኮን ለቅልቆበታል። የትኛው ኮላ ነው የሚይዝልኝ? ረዘም ያለ ቪቴ ባስገባስ ይሆናል?»

ኮላውን ተወው። ረጅሙን ቪቴማ ጭራሽ እንዳታስበው።

ሳላየው ነው የምናገረው፣ ግን ያቺ ጥቁር መስመር ብዙ ነግራኛለች። እኔ እንደምጠረጥረው ትሪምህ ጥፋት የለበትም። ጣሪያው ጠርዝ ላይ ውሃ የሚሰበስብ ሐዲድ አለ፣ እንደ ቤት አሸንዳ በለው። ጫፉ ላይ ውሃውን ከግድግዳው አርቃ የምትተፋ ትንሽ የፕላስቲክ አፍ ትሰካለች። መሰላል ይዘህ ውጣና እያት። ወይ ተሰብራለች ወይ ጭራሽ የለችም። ፕላስቲኳ ርካሽ ነች፣ ፀሐይ ታደርቃታለች፣ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ ሲነካት ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የጣሪያው ውሃ በሙሉ ጥጉን ይዞ ይወርዳል፣ በቪቴው ቀዳዳ ይገባል፣ ውስጥ ያለውን ሞራሌ ቀስ እያለ ያበሰብሰዋል። የበሰበሰ እንጨት ደግሞ ቪቴ አይዝም። የሚሽከረከርብህ ለዚህ ነው።

ውስጥ ግባና እዚያ ጥግ ያለውን ዕቃ ማስቀመጫ ከፍተህ አሽት። የሻጋታ ሽታ ካለ፣ ወለሉም ስትረግጠው ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ግምቴ ልክ ነው ማለት ነው።

አሁን ሥራው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ፦ ካምፐሩ መብራት የሚያገኝበትን ገመድ ከሶኬት ንቀል፣ የባትሪውንም ኔጋቲቭ ፍታ። ሁለቱንም ነው የምልህ። ባትሪውን ብቻ ፈትተህ ገመዱ ከተሰካ 120 ቮልቱ ግድግዳው ውስጥ እንዳለ ነው። ሶላር ካለህ እሱንም አጥፋ። እነዚህ ካምፐሮች ውስጥ ሽቦው ቱቦ ውስጥ አይገባም፣ እንዲሁ በእንጨቶቹ መሃል ተጎትቶ ነው ያለፈው። አንድ ጊዜ አንዱ በሩን ሲነካ ነዘረኝ እያለ ካምፐሩን አመጣልኝ። ትሪሙን ስከፍተው ከእሱ በፊት የሠራው ሰው የላላውን ቪቴ አውጥቶ ባለ 3 ኢንች የበረንዳ ቪቴ ሰክቶበታል። ቪቴው ሽቦውን በስቶ ከአልሙኒየሙ ጋር አገናኝቶታል። ግድግዳው በሙሉ ኤሌክትሪክ ሆኖ ነበር። ልጆች ባዶ እግራቸውን እርጥብ ሣር ላይ ቆመው ያንን በር ቢይዙት ኖሮ… ይቅር። ረጅም ቪቴ የሚለውን ከጭንቅላትህ አውጣው።

ጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርግና ጀምር። ትሪሙ መሃል ላይ ያለውን የቪኒል ጥብጣብ በካቻቪቴ ጫፍ አንስተህ ሳበው። ቪቴዎቹ ይታዩሃል። ዝገታቸውን ከላይ ወደ ታች ተመልከት። ከላይ ያሉት ከዛጉ ውሃው ከጣሪያ ነው። የታችኞቹ ብቻ ከዛጉ ደግሞ ጎማው የሚረጨው ነውና እኔ ተሳስቻለሁ። አብዛኞቹ በሩብ ኢንች ቁልፍ ወይም በአራት ማዕዘን ቢት ይፈታሉ። ትሪሙን ሳታጣምም አውርደው። የላሜራውን ጠርዝ የያዙትን ስቴፕሎች በፒንሳ ንቀልና ላሜራውን እንደ መጽሐፍ ገጽ ትንሽ ገለጥ አድርገው። ትንሽ ብቻ፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፣ አንዴ ከታጠፈ መስመሩ አይጠፋም። ከዚያ ሞራሌውን በወስፌ ውጋው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘብዝብ፣ ምክንያቱም ይቺ ነገር ከገባችህ ግማሹን ስህተት አትሠራም። አገር ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታና ማታ ሲበርድ ጣሪያው ቋ፣ ቋ ሲል ያውቃል። ልጅ ሆነን ድመት ነው እንል ነበር። ቆርቆሮው እየተለጠጠና እየተኮማተረ ነው። አልሙኒየም ደግሞ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። አንድ ሜትር አልሙኒየም ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 23 ማይክሮን ይረዝማል። ምንም አይመስልም አይደል? ግን ያንተ የጣሪያ ሐዲድ 7 ሜትር ገደማ ነው በለው፣ ኮሎራዶ ላይ ደግሞ ቀን ፀሐይ በጠበሰው አልሙኒየምና ሌሊት በበረደው መካከል 50 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር አልገረምም። አባዛው፣ 8 ሚሊሜትር ይመጣል። ከሥሩ ያለው እንጨት ግን በሙቀት ምክንያት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሐዲዱ ይሄዳል፣ እንጨቱ ይቀራል፣ መሃል ያለው ቪቴ በየቀኑ ወዲያና ወዲህ ይገፋል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። እንቅስቃሴው በጣም የሚታየው ደግሞ ጫፉ ላይ ነው፣ ማለትም ትሪምህ ከሐዲዱ ጋር በሚገናኝበት በዚያው ጥግ ላይ። የደረቀ ማሸጊያ እዚያ ጋ ይቀደዳል፣ ሌላ ዕድል የለውም። ቡቲል ቴፕ፣ ማለትም ከትሪሙ ሥር የሚለጠፈው የሚያጣብቅ ማሸጊያ፣ ግን እንደ ታኘከ ማስቲካ ነው። አልሙኒየሙ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል፣ ለዓመታትም ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። እኔ አገር ቤት የላሜራ ሠራተኛ ሆኜ ስንት ዓመት ቆርቆሮ ስመታ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ወደ እንጨቱ እንመለስ። ወስፌው እንደ ዳቦ ከገባ፣ የበሰበሰውን ጤነኛው እስኪገኝ ቆርጠህ አውጣና በአዲስ ሁለት በሁለት ሞራሌ ተካው፣ ከጤነኛውም ጋር አንድ ጫማ ያህል ጎን ለጎን አስረው። እንጨቱ ደህና ሆኖ ቀዳዳው ብቻ ከሰፋ፣ ውሃ የማይፈታው የእንጨት ኮላ የተቀባ ስንጥር ሙላበትና ሲደርቅ አዲስ ቀዳዳ ብሳ። ከመዝጋትህ በፊት ግን ይድረቅ። ማራገቢያ አዙርበትና ለጥቂት ቀናት ተወው። የእርጥበት መለኪያ ካለህ ከ15 በመቶ በታች ይሁን። እርጥብ እንጨት ላይ ከዘጋህ መበስበሱን ራስህ ጠብቀህ አስቀመጥከው ማለት ነው።

አሁን የሲሊኮኑ ጉዳይ። ሰው ለምን ይህን ነገር እንደሚወደው አይገባኝም። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ለሁለት ወር ያምራል፣ ከዚያ ከአንዱ በኩል ይላቀቅና ውሃውን ከኋላው ያጠራቅመዋል። ይባስ ብሎ የሲሊኮን ቅሪት ላይ ምንም አይጣበቅም፣ አዲስ ሲሊኮን እንኳ። ስለዚህ በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቀህ ጨርሰው። አንድ ሰዓት አይደለም የሚፈጀው፣ ግማሽ ቀንህን ይበላል። የድሮውን ቡቲል ደግሞ በሚኒራል ስፒሪት፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ጥረገው።

ላሜራውን ወደ ቦታው መልስና ስቴፕል አድርግ። ኮላ አያስፈልገውም፣ የሚይዘው ትሪሙ ነው። አንድ ኢንች ስፋት ያለው ቡቲል ቴፕ በትሪሙ ጀርባ ከላይ እስከ ታች ለጥፍ። የማይዝግ ባለ 8 ቁጥር ቪቴ ግዛ፣ ርዝመቱ ከወጣው ጋር እኩል ይሁን። እነዚያ ሲገዙ የሚያብረቀርቁ ርካሾች ክረምት አይሻገሩም። የመጨረሻውን ዙር በእጅህ አጥብቅ፣ በትራፓኖ አይደለም። ትራፓኖ ጥሩውንም ቀዳዳ ያሰፋብሃል። ቴፑ በጎን ትንሽ ሲወጣ ይበቃል። በማግስቱ ፀሐይ ካሞቀው በኋላ አንዴ ደግመህ አጥብቅ፣ የወጣውንም በፕላስቲክ ቢላ ቁረጥ።

ከላይና ከጎን ማሸጊያ አድርግ። ታችኛውን ጫፍ ግን እንዳትዘጋው፣ ውሃ ከገባ የሚወጣው በዚያ ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን ስፌት ጣሪያህ ላይ ለተነጠፈው የጎማ ሽፋን በሚስማማ ማሸጊያ ድገመው፣ ቱቦው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። አዲሱን የቪኒል ጥብጣብ ሳትስበው አስገባው፣ ትንሽም አስረዝመህ ቁረጠው፣ መኮማተሩ አይቀርም። የአሸንዳዋን አፍም ሁለቱንም ጎን ቀይር፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው።

ከዚያ ሞክረው። አንድ ሰው መብራት ይዞ ውስጥ ይቁም፣ አንተ በውጭ ሆነህ በቀስታ ውሃ ልቀቅ። ከታች ጀምር፣ በየደረጃው አሥር ደቂቃ እየቆየህ ወደ ላይ ውጣ። ከላይ ከጀመርክ የትኛው እንደሚያስገባ አታውቅም። መብራቱ የእጅ ባትሪ ይሁን፣ ገመዱ አሁንም ከሶኬት እንደተነቀለ ነው፣ እንዳትረሳ።

ወስፌው ሞራሌውን አልፎ የወለሉ ኮምፔንሳቶ ውስጥ ከገባ ግን እዚያው አቁም፣ ካምፐሩንም አትጎትተው። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የወለል ሥራ ሌላ ነው።