ግራፍ ስታነቡ ከዘንጉ ጀምሩ

ልጆች፣ ግራፍ ሲቀርብላችሁ ዓይናችሁ ወደ ባሩ ወይም ወደ መስመሩ እንዳይቸኩል። በቅድሚያ በቋሚው ዘንግ ግርጌ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ከዚያ ጫፉ ላይ ያለውን፣ ቀጥሎ እርከኖቹ በስንት በስንት እንደሚጨምሩ እዩ። አሃዱም አይረሳ፤ በሺህ ነው፣ በኪሎ ነው ወይስ በመቶኛ?

ይህን አጥብቄ የምመክራችሁ ከሁሉ በላይ ስለ ባር ግራፍ ነው። ባር የሚናገረው በቁመቱ ነው፤ እጥፍ ከረዘመ ብዛቱም እጥፍ መሆን አለበት። 96ን እና 100ን ውሰዱ። ዘንጉ ከ0 ሲነሳ ሁለቱ ባሮች እኩል ለመምሰል ጥቂት ነው የሚቀራቸው፤ ልዩነታቸውም በእርግጥ 4 በመቶ ገደማ ነው። ከ95 አስነሱት፤ አንዱ 1፣ ሌላው 5 እርከን ይቆማል። ቁጥሮቹ ሳይነኩ ሥዕሉ «አምስት እጥፍ ነው» አለን። ስለዚህ ባር ግራፍ ከዜሮ ይነሳ፤ በዚህ አልደራደርም። ትንሹ ልዩነት ጎልቶ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ልዩነቱን ራሱን ሣሉት።

ሁልጊዜ ተንኮል አለበት ማለቴ ግን አይደለም። ኤክሴልን የመሰሉ ፕሮግራሞች ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ መነሻውን በራሳቸው ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። የራሳችሁን ስትሠሩ ዝቅተኛውን ወሰን በእጃችሁ 0 ብላችሁ ሙሉ። የሰው ሥራ ካጠራጠራችሁ ደግሞ ማስመሪያ አንሡ፤ የባሮቹን ቁመት ለክታችሁ ትልቁን ለትንሹ አካፍሉ፣ ቁጥሮቹንም እንዲሁ። ውጤቶቹ ካልተቀራረቡ ወይ መነሻው ዜሮ አይደለም፣ ወይ እርከኖቹ እኩል አይደሉም።

የመስመር ግራፍ ግን ሌላ ነው፤ የምናነበው አወጣጡንና አወራረዱን ነው። የሕመምተኛ ሙቀት ከ36.5 ወደ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወጣ፣ ከ0 በተነሳ ዘንግ ላይ መስመሩ ቀና ማለቱ እንኳ በቅጡ አይታይም። የሴልሺየስ ዜሮ ደግሞ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ እንጂ የሙቀት አለመኖር አይደለም። እዚህ ከ35 እስከ 41 ያለው ዘንግ የተሻለ ይናገራል። ሆኖም ከልክ በላይ አትለጥጡት፤ ቴርሞሜትሩ በ0.1 ዲግሪ ሊሳሳት የሚችል ከሆነ፣ ከ36.6 እስከ 36.9 በተዘረጋ ዘንግ ላይ የምታዩት ጉብታ የመሣሪያው ስህተት ሊሆን ይችላል።

አግድሙንም ዘንግ ፈትሹ። 2000፣ 2005፣ 2010፣ 2011፣ 2012 በእኩል ርቀት ከተደረደሩ፣ ሳያቋርጥ በእኩል መጠን ያደገ ነገር መጨረሻ ላይ የተዳከመ ይመስላል።

እርከኖቹ 1፣ 10፣ 100፣ 1000 እያሉ ከሄዱ ስኬሉ (የዘንጉ አለካክ) ሎጋሪዝማዊ ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ እርከን የቀደመው አሥር እጥፍ ነው፤ ዜሮ አትፈልጉበት፣ የለውም። በዚያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር በየጊዜው በእኩል መቶኛ ማደግን ያሳያል።

በግራና በቀኝ ሁለት የተለያዩ ስኬሎች ያሉት ግራፍ ሲገጥማችሁ መስመሮቹ የተገናኙበትን ቦታ እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት፤ የአንዱን ዘንግ መነሻ ለወጥ ብታደርጉት መገናኛው ይሸሻል። ለያይታችሁ አንዱን ከሌላው በታች ሣሏቸው፤ የጊዜው ዘንግ ለሁለቱም አንድ ይሁን።