የደነዘዘ እግርን ለምትቀርጹ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ሐኪሞች ፔሪፈራል ኒውሮፓቲ ስለሚሉት የነርቭ ጉዳት በስልካችሁ አጭር ፊልም ለመሥራት መነሣታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ሥራው ግን ከሚመስለው ይከብዳል። ቁስል ይታያል፣ ሳል ይሰማል፤ የደነዘዘ እግር ግን ካሜራ ፊት ሲቀርብ ከጤነኛ እግር አይለይም።

በሽታውን ቀድማችሁ እወቁት። ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ውጭ ያሉት ነርቮች ሲጎዱ የሚመጣ ነው። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግር ጣቶች ነው፤ ሽቅብ እየወጣ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣቶችም መደንዘዝ ይጀምራሉ። ዋነኛው መንስኤ የስኳር በሽታ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ መጠጥ ማብዛት፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች፣ የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ፣ ኤችአይቪና ሥጋ ደዌም ያመጡታል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ ታማሚ ደግሞ ቢ12 ሊያንሰው ስለሚችል ሁለቱ መንስኤዎች አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ይህን ሁሉ ግን 3 ደቂቃ ውስጥ አትደርድሩ። አንድ ሰውና አንድ መንስኤ ይዛችሁ ሌሎቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሷቸው።

ጀማሪ ሁሉ የሚፈተነው እግር ላይ ቀይ ጨረር ወይም የእሳት ነበልባል በመለጠፍ ነው። ተዉት። ተመልካች የሚያምነው ታማሚው የሚያደርገውን ሲያይ ነው፦ ሌሊት አንሶላው ሲነካው ስለሚያቃጥለው እግሩን አውጥቶ ሲተኛ፣ የሸሚዝ ቁልፍ አልያዝለት ሲል፣ ደረጃ ሲወርድ ዓይኑን ከእግሩ ሳይነቅል። ከሁሉ በላይ ፊት ሲታጠብ ቅረጹት። ዓይን ሲጨፈን፣ እግርም የቆመበትን በትክክል ካልነገረው፣ ሰውነት ይወዛወዛል፤ አንዱ እጅ ሳይታዘዝ የገንዳውን ጠርዝ ይይዛል። ካሜራውን በትራይፖድ በወገብ ልክ አቁሙ፣ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፣ 10 ሰከንድ ሳትቆርጡ ተዉት። ያችን እጅ ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንድ ረዳት ግን ከፍሬሙ ውጭ፣ እጁ በሚደርስበት ርቀት ይቁም።

ሌላው ጥሩ ሾት ካሜራውን ወለል ላይ አድርጎ፣ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሲቀር ሰውየው ሳያውቀው ሲሄድ ማሳየት ነው። ይህን በተዋናይ ሥሩት። ስሜት የሌለውን እግር ባዶውን ደጋግሞ ማስኬድ ውኃ ያቋጥራል፣ ታማሚውም አይሰማውም፤ "ደህና ነኝ" ቢላችሁ መተማመኛ አይደለም። ወለሉ ላይ የተዘረጋ ገመድ በቴፕ ይለጠፍ፣ የሚሞቅ መብራት ከእግሩ ይራቅ። ቀረጻው ሲያልቅ ውስጥ እግሩንና የጣቶቹን መሐል አብራችሁ እዩ። የፈላ ውኃ ትዕይንት ካስፈለጋችሁ ውኃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ እንፋሎቱን ለኤዲቲንግ ተዉት።

ቃለ መጠይቁን ጠዋት አድርጉት፤ ሕመሙ ወደ ማታ ይብሳል። ከ30 ደቂቃ አትለፉ። ማይኩን ከአገጭ ሥር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ሰክታችሁ፣ ልብስ እንዳይፈትገው አረጋግጡ፤ ስልኩንም አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ። የደበዘዘ ምስል ይታገሡታል፣ ያልጠራ ድምፅ ግን ወዲያው ያስዘጋል። "ያምዎታል?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ "አዎ" ብቻ ይሆናል። "ማታ ሲተኙ እግርዎ ምን ይልዎታል?" ስትሉ ነው ጉንዳን የሚሄድበት፣ የሚጠቀጥቀው፣ የሚያቃጥለው በታማሚው አንደበት የሚወጣው።

አንድ የምርመራ ትዕይንት ይኑራችሁ። ነርሷ ሞኖፊላመንቱን፣ ያንን በ10 ግራም ጫና የሚጎብጥ ቀጭን የናይለን ክር፣ ውስጥ እግር ላይ እስኪጎብጥ 1 ወይም 2 ሰከንድ ስትጫነው ቀረብ ብላችሁ ቅረጹ። ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማው "አዎ" ይላል። ክሩ ጎብጦ ታማሚው ዝም ሲል ሙዚቃ አትጨምሩ። ይህ ሾት የሚጠቅመው ብዙ የስኳር ታማሚዎች ምንም ምልክት ሳይሰማቸው ነርቫቸው የተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ስክሪፕቱን ከቀረጻ በፊት ሐኪም ያንብበው። "ይድናል" ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ "አይድንም"ም አትበሉ፤ እንደ መንስኤው ይለያያል። ቫይታሚን ግዙ አትበሉ፤ ቢ6 ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። በቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ የሚዛመት ድክመት ግን ሳይዘገዩ ሆስፒታል የሚሄዱበት ነገር ነውና በግልጽ ይነገር።

ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ፊልሙን ከማሰራጨታችሁ በፊት ታማሚው ይየው፤ ይውጣልኝ ያለው ይውጣ፣ የቆሰለ እግሩም ቢሆን። የግርጌ ጽሑፍ ጨምሩበት፣ ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ነው የሚያየው። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀሩ፦ "በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ካልሲዎን አውልቀው እግሬን እዩልኝ ይበሉ።" ጽሑፉ ቀስ ተብሎ ሁለት ጊዜ እስኪነበብ ድረስ ይቆይ።