ጆይን (ቴብሎችን ማያያዝ) ላይ የትኛው ቴብል ይቅደም?

ጥያቄ፦ ጅማ ቡና ለሚሰበስብ ድርጅት ነው የምሠራው። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ነው። ወረዳ፣ ገበሬ እና ርክክብ የሚባሉ ቴብሎች አሉን፤ ወረዳው ጥቂት መስመር ነው፣ ርክክቡ ግን ሚሊዮን አልፏል። የጎማ ወረዳን ሪፖርት ሳወጣ ደቂቃዎች ይፈጅብኛል። የሥራ ባልደረባዬ "ትንሿን ቴብል አስቀድመህ ጻፍ፣ ይፈጥናል" ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ በዚህ ኪዌሪ (ለዳታቤዙ በምትሰጠው ጥያቄ) ላይ አይደለም። ኢነር ጆይን (የሚገጣጠሙትን መስመሮች ብቻ የሚያወጣው) ከሆነ ወረዳን ፊት ጻፈው መጨረሻ፣ ለፖስትግሬስ ያው ነው። የትኛው ቀድሞ እንደሚነበብ የሚወስነው ኦፕቲማይዘሩ (የዳታቤዙ መንገድ መራጭ ክፍል) ነው፤ የየቴብሉን ስታቲስቲክስ (ስንት መስመር፣ ምን ዓይነት እሴት እንዳለ የሚይዘውን ግምት) አይቶ፣ መንገዶቹን አስልቶ፣ ርካሽ የመሰለውን ይመርጣል። ይሄ አሠራር ከአይቢኤም የሙከራ ዳታቤዝ ከሲስተም አር ጀምሮ አለ፣ 1979 ላይ ጽሑፉ ወጥቷል። ባልደረባህ ግን ከሜዳ አላመጣውም፤ የድሮው ኦራክል ላይ የአጻጻፍ ተራ ለውጥ ያመጣ ነበር።

ታዲያ ምን ያዘው? እኔ የምጠረጥረው ርክክብ ላይ ያለውን የገበሬ መለያ ነው። ፖስትግሬስ ለፕራይመሪ ኪ (ለመስመሩ ዋና መለያ) ኢንዴክስ፣ ማለትም ቶሎ መፈለጊያ ማውጫ፣ ራሱ ይሠራል፤ እንደዚህ ወደ ሌላ ቴብል ለሚያመለክት ፎሪን ኪ ግን አይሠራም (ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ኢኖዲቢ በሚባለው ማከማቻው ይሠራል፣ ከዚያ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል)። ኢንዴክሱ ከሌለና ስታቲስቲክሱ ካረጀ፣ ኦፕቲማይዘሩ "ጎማ ውስጥ ያለው ገበሬ አንድ ቢሆን ነው" ብሎ ኔስትድ ሉፕ (በየመስመሩ እየተመላለሰ የሚፈልግ መንገድ) ይመርጥና ለእያንዳንዱ ገበሬ ርክክብን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስሰዋል። ደቂቃው የሚያልቀው እዚያ ነው።

ኢንዴክሱን ሥራ፣ አናላይዝ በል (ስታቲስቲክሱን ያድሳል)፣ ከዚያ ኪዌሪውን በኤክስፕሌይን አናላይዝ አስኪድ (የተመረጠውን መንገድ ያሳይሃል)። የገመተው የመስመር ብዛትና በእውን ያገኘው በጣም ከተራራቁ ችግሩ የስታቲስቲክስ ነው። አንድ ነገር ግን እንዳያስደነግጥህ፦ ጎማ ቡና የሚበዛበት ወረዳ ነው፣ ከርክክቡ ሰፊውን ድርሻ ከያዘ ኢንዴክሱን ትቶ ቴብሉን በሙሉ አንብቦ ሃሽ ጆይን (አንዱን ቴብል ሜሞሪ ላይ አደራጅቶ ሌላውን አንዴ እያነበበ ማገጣጠም) ሊያደርግ ይችላል። ልክ ነው፣ ተወው።

ተራው የሚቆጠርበትም ቦታ አለ። ፖስትግሬስ ላይ በጆይን የተያያዙ ቴብሎች ከ8 ካለፉ ሁሉንም አገለባብጦ አይሞክርም፤ ጆይን ኮላፕስ ሊሚት የሚባለው ቅንብር መነሻው 8 ነው፣ ከዚያ በላይ አንተ የጻፍከው ተራ መክበድ ይጀምራል። ማይኤስኪውኤል ላይም ስትሬት ጆይን ካልክ በጻፍከው ተራ ይሄዳል። ሌፍት ጆይን (የግራው ቴብል መስመር ሁሉ፣ አቻ ባይኖረውም፣ የሚወጣበት) ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግራና ቀኙን ስትቀያይር መልሱ ራሱ ይቀየራል፣ ስለዚህ ለፍጥነት ብለህ እንዳትነካው።