ይግባኛችን ተሰርዟል፤ ያለ ጠበቃ መዝገቡን ማስከፈት እንችላለን?

ጥያቄ፦ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ብሎኬት የሚያመርት አነስተኛ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ከሲሚንቶ አቅራቢያችን ጋር በነበረን ክርክር ተረትተን ሁለት ይግባኞች ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቅርበን ነበር። ጠበቃችን ታመው ሰነዶቻችንን መለሱልን፤ ሌላ ለመቅጠር አቅም ስላልነበረን በቀጠሮው ቀን እኔው ወጣሁ። ቃሊቲ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ በመዘጋቱ፣ ልደታ ካለው ፍርድ ቤት ስደርስ መልስ ሰጪው (አቅራቢው) ቀርቦ ሁለቱም ይግባኞች ተሰርዘው ነበር። ትእዛዙ ከተሰጠ 19 ቀን ሆነው። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ «ኩባንያ ያለ ጠበቃ ፍርድ ቤት አይቀርብም» ብሎኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጉዳዩ ቀን የሚቆጠርበት በመሆኑ መጽሔቱ እስኪታተም ሳንጠብቅ ፍሬ ነገሩን ለጠያቂያችን በስልክ ነግረናቸዋል፤ ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው ሌሎች አንባቢዎች ስለማይጠፉ እዚህም እንጽፈዋለን።

ወንድምዎ ያሉት ለሚኖሩበት አገር ትክክል ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳረጋገጠው፣ በዚያ አገር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ኩባንያ የሚቀርበው ፈቃድ ባለው ጠበቃ ብቻ ነው። በእኛ አገር ግን ማኅበሩ በሥራ አስኪያጁ ወይም ተቀጣሪው በሆነ ነገረ ፈጅ አማካይነት ሊከራከር ይችላል። ሥልጣንዎን የሚያሳየውን የመመሥረቻ ጽሑፍ ወይም የሹመት ቃለ ጉባኤ ከአቤቱታው ጋር ያያይዙ። በፍርድ ቤት ደጃፍ «እኔ ልከራከርልዎ» የሚሉ ፈቃድ የሌላቸውን ሰዎች ግን ፈጽሞ እንዳይቀበሉ አደራ እንላለን።

እንግዲህ የሚያሳስበን የጠበቃ አለመኖር ሳይሆን የትእዛዙ ይዘት ነው። ግልባጩን ከሬጅስትራር አውጥተው የተጠቀሰውን አንቀጽ ያንብቡ። መልስ ሰጪው ቀርቦ እርስዎ በመቅረትዎ የተሰረዘ ከሆነ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 74 ትእዛዙ በተሰጠ በአንድ ወር ውስጥ፣ ያልቀረቡበትን በቂ ምክንያት አስረድተው ስረዛው እንዲነሣ ለማመልከት ይፈቅድልዎታል። ፍርድ ቤቱ ይግባኙን መርምሮ በቁጥር 337 ሰርዞት ቢሆን ኖሮ ግን ይህ መንገድ አያገለግልም ነበር፤ የሚቀረው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ብሎ በ90 ቀናት ውስጥ ለሰበር ሰሚ ችሎት ማመልከት ነው።

«በቂ ምክንያት» የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መንገድ ተዘጋብኝ ማለት ብቻውን ደካማ ነው፤ ዳኞች በየቀኑ የሚሰሙት ነውና። የትራፊክ ፖሊስ ስለ አደጋው ቦታና ሰዓት የሚሰጠው ማስረጃ፣ ከቱሉ ዲምቱ ስንት ሰዓት እንደተነሡና ልደታ ስንት ሰዓት እንደደረሱ የሚገልጽ ቃለ መሐላ ሲጨመርበት ግን ክብደት ያገኛል። የጠበቃውን ሕመም በዋና ምክንያትነት እንዲያቀርቡት አንመክርም። ሕጉ በቁጥር 326 የይግባኝ ጊዜ ላለፈበት ሰው የጠበቃው ጥፋት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል፤ ድንጋጌው የእርስዎን ጉዳይ በቀጥታ ባይመለከትም፣ ተከራካሪው ራሱ ለጉዳዩ ተጠያቂ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያሳያል። ሰነዶቹ ከቀጠሮው ብዙ ቀን ቀድመው ተመልሰው ከሆነ ደግሞ፣ እስከዚያ ምን ሲያደርጉ እንደቆዩ መጠየቅዎ አይቀርም።

መዝገቦቹ ሁለት ስለሆኑ ለእያንዳንዱ የመዝገብ ቁጥሩን የያዘ የተለየ አቤቱታ ያቅርቡ። ስረዛው የሚነሣው አቤቱታው ለመልስ ሰጪው ደርሶት ነው፤ የእርሱን ወጪ እንዲከፍሉም ሊታዘዙ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ፣ ማመልከትዎ ብቻውን የሥር ፍርድ ቤቱን የፍርድ አፈጻጸም እንደማያስቆም ይወቁ። የተፈረደለት አቅራቢ የብሎኬት ማሽናችሁን ለማስያዝ ከጠየቀ አቤቱታዎ ውሳኔ እስኪያገኝ አፈጻጸሙ ይታገድ ዘንድ በዚያው ዕለት ለብቻው ያመልክቱ።