ሳይነካ የሚጽፍ ኪቦርድ
ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው በኤቲሜጋ32ዩ4 ቺፕ ኪቦርድ ገጣጥሞ ቺፑን የሚያዘውን ፕሮግራም (ፈርምዌሩን) ራሱ ጽፏል። ኪቦርዱ ግን ማንም ሳይነካው ፊደል ይጽፋል፤ እጅ ሲጠጋው ደግሞ ይብስበታል። «ቺፑ ተበላሽቶ ከሆነ ሌላ ልግዛ?» ይላል።

አብሽር ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታውጣ። እጅ ሲጠጋ መባሱ በሽታውን ይናገራል። የቺፑን እግር (ፒኑን) ግብዓት፣ ማለትም ምልክት ተቀባይ፣ አድርገህ እንዲሁ ትተኸዋል። ቁልፉ ካልተጫነ ወደ 5 ቮልትም ሆነ ወደ ግራውንድ (0 ቮልት) የሚስበው የለም፤ ስለዚህ ከእጅህና ከመብራት መስመር የሚደርሰውን ሁሉ እየለቀመ አንዴ 1፣ አንዴ 0 ያነባል።

መድኃኒቱ እዚያው ቺፑ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ፒን ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም የሚሆን፣ ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስብ ፑል አፕ ሬዚስተር አለው፤ ካላበራኸው ግን አይሠራም። ዲዲአር የተባለው ሬጅስተር (ቅንብር የሚጻፍበት የቺፑ ቦታ) የፒኑን አቅጣጫ ይወስናል፤ 0 ግብዓት፣ 1 ውፅዓት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ፖርት የተባለውን ነው። ፒኑ ግብዓት ሆኖ ሳለ ፖርት ላይ 1 ስትጽፍ ፑል አፑን ታበራለህ። የጎደለህ ይህ አንድ ቢት ነው።

ከዚያ በኋላ ንባቡ ይገለበጣል፦ ያልተጫነ ቁልፍ 1፣ የተጫነ 0። ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ ሽቦዎች መገናኛ ላይ ስለሆኑ፣ ፑል አፑን በዓምዶቹ ፒኖች ላይ አብራ፤ ተራው የደረሰውን ረድፍ ውፅዓት አድርገህ 0 ስጠው፤ ዓምዶቹን አንብብ፤ ከዚያ ረድፉን ወደ ግብዓት መልሰው። 1 እያወጣ እንዲቆይ አታድርገው! ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ካላስገባህ፣ በአንድ ዓምድ ላይ ሁለት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ 5 ቮልት የሚያወጣው ፒን 0 ከሚያወጣው ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ያን ጊዜ ቺፑ በእርግጥ ሊቃጠል ይችላል። ፑል አፑ ደካማ በመሆኑ ዓምዱ ወደ 1 እስኪመለስ፣ ከረድፍ ወደ ረድፍ ስታልፍ 30 ማይክሮሰከንድ ያህል ጠብቅ። አለዚያ የአንዱ ረድፍ ቁልፍ በሚቀጥለው ረድፍ ላይም የተጫነ ይመስላል።

ከኤፍ4 እስከ ኤፍ7 ያሉትን ፒኖች ተጠቅመህ እነሱ ብቻ እምቢ ካሉ፣ ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ለጄታግ (ቺፑን መፈተሻና ስህተት ማረሚያ መስመር) ስለተያዙ ነው። ኤምሲዩሲአር በተባለው ሬጅስተር ውስጥ ያለውን፣ ጄታግን የሚያጠፋውን ጄቲዲ ቢት 1 አድርገው፤ ሁለት ጊዜ አከታትለህ ጻፍ፣ በመካከሉ ሌላ ትእዛዝ አይግባ።

ሽቦህ ረጅም ከሆነ ከየዓምዱ ወደ 5 ቮልት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨምር። እኛ ደሴ ውስጥ ከአሮጌ ሬዲዮ ቦርድ ላይ እንነቅለዋለን፤ ቀለበቶቹ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ናቸው። ስትጨርስ ምንም ቁልፍ ሳትጫን እያንዳንዱን ዓምድ በቴስተር ለካ፤ ወደ 5 ቮልት የማይጠጋ ካገኘህ ብየዳውን መርምር።