በቱርክኛና በሩሲያኛ መካከል ስለ መተርጎም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የቱርክኛው «ኦ» እሱም እሷም ማለት ነው። ወደ ሩሲያኛ ሲገባ ጾታው በምን ይለያል?

መልስ፦ ከዐውዱ ብቻ። ቱርክኛ «ጌልዲ» ብሎ ሲያልፍ፣ ሩሲያኛ በኃላፊ ጊዜ «ፕሪሾል» (መጣ) ወይም «ፕሪሽላ» (መጣች) ብሎ መምረጥ አለበት። እስከዚህ ድረስ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር የለበትም። የሚከብደው አንደኛው መደብ ነው፤ እኛ «መጣሁ» ስንል ወንድ እንሁን ሴት ከግሱ አይታወቅም፣ ሩሲያኛ ተናጋሪ ግን ስለ ራሱ ሲያወራም የኃላፊ ጊዜ ግሱ ጾታውን ይናገርበታል። ስለዚህ ተራኪው ጾታውን የሰወረበት የቱርክኛ ልቦለድ ተርጓሚውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያስጨንቀዋል። ማምለጫው ትረካውን ወደ አሁን ጊዜ ማዞር፣ አለዚያም ግሱ ከተናጋሪው ጋር የማይስማማበትን «ማየት ገጠመኝ» ዓይነት አነጋገር መጠቀም ነው፤ ይህኛው ግን ሲደጋገም አንባቢን ያሰለቻል።

ጥያቄ፦ «ጌልዲ» እና «ጌልሚሽ» ሁለቱም «መጣ» ተብለው ይተረጎማሉ። ልዩነቱ በሩሲያኛ እንዴት ይገለጻል?

መልስ፦ «ጌልዲ» የሚለው ሰው ለነገሩ ራሱ ኃላፊነት ይወስዳል፤ «ጌልሚሽ» የሚለው ግን ሰምቷል፣ ወይም ምልክት አይቶ ደርሶበታል። አማርኛችን ለዚህ «መጣ አሉ» እና «መጥቶ ኖሯል» የሚሉ ሁለት መንገዶች አሉት። ሩሲያኛ በግሱ ላይ የሚቀጥለው ነገር ስለሌለው «ጋቫርያት» (ይላሉ) ወይም «አካዚቫየትሳ» (ለካ) የሚል ቃል ይጨምራል። «ኡዩሙሹም» የሚለው ቱርክ፣ ሳያውቀው እንቅልፍ ወስዶት ኖሯልና፣ በሩሲያኛ «ለካ ተኝቻለሁ» ይባልለታል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በተረት ላይ ነው፤ የቱርክ ተረት «ቢር ቫርሚሽ፣ ቢር ዮክሙሽ» (አንድ ነበር አሉ፣ አንድ አልነበረም አሉ) ብሎ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው በ«ሚሽ» ሊሄድ ይችላል፤ ሩሲያኛው ግን በተለመደው የተረት መክፈቻው በ«ዢሊ ቢሊ» ከጀመረ በኋላ ተራውን ኃላፊ ጊዜ መጠቀም ይበቃዋል። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «ለካ» የሚያስገባ ተርጓሚ ተረቱን ሐሜት ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ረጃጅሞቹን የቱርክኛ ዓረፍተ ነገሮች ከየት ልጀምራቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ በአማርኛ ያስቧቸው። «ዱን አልድም ኪታፕ» ቃል በቃል «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ነው፤ የቃላቱ ቅደም ተከተል እንኳ አይለወጥም። ሩሲያኛ ደግሞ መጽሐፉን አስቀድሞ «ክኒጋ» ይልና ገላጩን በ«ካቶሩዩ» (የእኛን «የ-» በሚተካ ቃል) አያይዞ ከኋላው ያስከትላል። ስለዚህ ሦስት አራት ገላጭ የተደራረበበትን የቱርክኛ ዓረፍተ ነገር ወደ ሩሲያኛ ስንወስድ ከመጨረሻው ስም ተነሥተን ወደ ኋላ እንፈታዋለን፤ «ካቶሩዩ»ና ዘመዶቹ ከሁለት በላይ ከተከታተሉም ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት መክፈል ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሩሲያኛዎቹ «ቺታል» እና «ፕራቺታል» ሁለቱም «አነበበ» ተብለው ይተረጎማሉ። በቱርክኛ ልዩነታቸው ይጠፋል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይጠፋም። «ፕራቺታል» አንብቦ መጨረስን ስለሚያመለክት፣ መጨረሱ ዋና ነጥብ በሆነበት ቦታ «ኦኩዩፕ ቢቲርዲ» (አንብቦ ጨረሰ) ማለት ይቻላል። «ቺታል» እንደ ዐውዱ «ኦኩዮርዱ» (ያነብ ነበር) ወይም «ኦኩዱ» (አነበበ) ይሆናል። የሩሲያኛ የእንቅስቃሴ ግሶችም እንዲሁ ይበተናሉ፤ «ቪቤዣል» የሚለው አንድ ቃል በቱርክኛ «ኮሻራክ ችክት»፣ በእኛም «እየሮጠ ወጣ» ነው።