ፊደሉ ድርብ የሆነው ሳንቲም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴ በቆርቆሮ ካጠራቀመቻቸው ሳንቲሞች መሃል አንድ የ1969 ሃያ አምስት ሳንቲም አገኘሁ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ድርብ ሆኖ ይታየኛል። ብርቅ ነገር ይሆን? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከፊራ ገበያ ድረስ ይዘሽልኝ ስለመጣሽ ደስ ብሎኛል። አስር እጥፍ በሚያጎላው መነጽሬ ደጋግሜ አየሁት። ከፊደሎቹ ጎን ያለው ጥላ ጠፍጣፋ ነው፤ ዝቅ ያለ ደረጃ ይመስላል። የፊደሉንም ውፍረት ቀንሶታል። ይህ የሚመጣው ሲታተም ማተሚያው ብረት ላልቶ ሲንሸራተት ነው። ብዙ ሳንቲም ላይ አለ፣ ዋጋም አይጨምርም።

እውነተኛው ድርብ ሌላ ነው። ስህተቱ ማተሚያው ብረት ራሱ ሲሠራ የገባ ስለሆነ፣ ከዚያ ብረት የወጣው ሳንቲም ሁሉ አንድ ዓይነት ድርብ ይይዛል። ሁለተኛው ምስል እንደ መጀመሪያው ክብ ብሎ ያበጠ ነው፤ የፊደሉም ጫፍ ስንጥቅ ይላል። እንዲህ ድርብ ሆኖ የወጣው የ1955ቱ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም (በፈረንጅ አቆጣጠር) በባዶ ዓይን እንኳ ይለያል።

ብዙ እጅ የነካው ሳንቲም የፊደሉ አናት (ከፍ ብሎ የወጣው ክፍል) ስለሚያልቅ ያታልላል። ስለዚህ አናቱን ትተሽ የፊደሉን ማዕዘን እይ፤ እዚያ መፋቅ ቶሎ አይደርስም። መብራቱንም ከጎን አድርጊው። በአመድም በሎሚም እንዳታሺው፣ አደራ!